ቁልቁለትን በማርሽ መያዝ

ለመሄድ የተሠራ ነገር እንዴት ይይዛል? ጥያቄውን የሚያነሳው ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ታች አርማጭሆ ቆላ፣ ወደ ሳንጃ የሚወርድ የጭነት መኪና ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሾፌሩ ረገብ ይላል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ያወርዳል፤ እግሩንም ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ይረጋጋል። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ነው፤ ድምፁ የሚሮጥ፣ አካሄዱ የሚታገሥ ነውና። ሾፌሩን ቢጠይቁት «በማርሽ ይዤው ነው» ይላል፤ ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ለሚያስብ ሰው ግን ገና መጀመሩ ነው። ዳገቱን ያስወጣው ሞተር ነበር፤ አሁን ቁልቁለቱ ላይ የሚይዘውም ያው ሞተር ነው። አንድ ነገር ሁለት ተቃራኒ ሥራ ከሠራ፣ ወይ ሥራዎቹ ተቃራኒ አይደሉም፣ ወይ ያ ነገር እኛ የምናስበው አይደለም።

አስቀድሞ መያዝ ራሱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በሱዳን ጠረፍ ያለችው መተማ ዮሐንስ ደግሞ 700 ሜትር አካባቢ። 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን የ1,400 ሜትር ልዩነት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን 400 ሊትር ውሃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረው ግን አንድ ማደሪያ ይፈልጋል። ሾፌሩ ሊያጠፋው አይችልም፤ ኃይል መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋምና። እንግዲያው ቁልቁለት ላይ መያዝ ማለት የሚመጣውን ኃይል የት እንደሚያሳድሩት ማወቅ ነው። ማደሪያ ያላገኘ ኃይል ፍጥነት ይሆናል፤ ፍጥነትም ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ በቋጥኝ፣ በገደል ወይም በሰው ላይ። ሰው ስለ ራሱም ሲያስብ የሚስተው ይህንኑ ይመስለኛል። ቁጣን፣ ጉጉትን፣ ስሜትን «አጠፋሁት» ይላል፤ እውነቱን ለማወቅ ግን መጠየቅ ያለበት የት እንዳሳደረው ነው።

ፍሬን የዚህ ጥያቄ አንደኛው መልስ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋል፤ ከጎማው የሚመጣው ኃይል ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሙቀት ይሆናል። ድንገት ለማቆም ይህን የሚተካከል የለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው ሲቃጠል የመያዝ አቅሙ ይላላል፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ያበጃል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ምንም ሳይገታው እስከ ወለሉ ይወርዳል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ይህን ጊዜ ነው። አነጋገሩ ፍሬኑን እንደ ከዳተኛ ያስቆጥረዋል፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው እስኪያልቅ ድረስ እሺ ሲል ስለቆየ ነው። የሚደክመው በመሥራቱ ነው፤ ይበልጥ በተፈለገ ቁጥር የሚሰጠው ያንሳል። ቁልቁለት ከጨረሰ መኪና ዘንድ የሚሸተው የተቃጠለ ሸራ፣ ፍሬኑ ለእያንዳንዱ ኩርባ ከገዛ አካሉ የከፈለው ዋጋ ነው። በዚህ ዓይነት መያዝ ውስጥ የሚይዘውና የሚያዘው እርስ በርስ ይበላላሉ።

ሁለተኛው መልስ ሞተሩ ነው። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሲቋረጥ ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ሞተር ጎማን ማዞሩ ይቀርና ጎማ ሞተርን ያዞራል። ፒስቶኖቹ እንደ ወትሯቸው ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ አየር ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ይተፋሉ፤ ዘይቱ ይዞራል፣ ፓምፑ ይሠራል፤ የሌለው እሳቱ ብቻ ነው። ያ ሁሉ እንቅስቃሴ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፋዩም የመኪናው ክብደት ይሆናል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ እንዲዞር ስለሚገደድ ክፍያው ይጨምራል፤ ጩኸቱ የዚህ ድምፅ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ፍሬን ሙቀትን እንደ እንግዳ ይቀበላል፤ ሞተር ግን ከመጀመሪያውም ከእሳት ጋር እንዲኖር ተደርጎ የተሠራ ነው። ውሃ አለው፣ ራዲያተር አለው፣ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ማርሚታ አለው። ዳገት ላይ እውነተኛ እሳት የቻለ አካል፣ ቁልቁለት ላይ የሚመጣበትን ሙቀት ሳይጎዳ ይችለዋል። የመያዝ አቅሙ የመጣው ከሥራው ነው፤ ብዙ መሸከም የለመደ ነው ብዙ መያዝ የሚችለው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥርጣሬ ይነሳል። የታመቀ አየር እንደ ተጠቀለለ ሞላ ነው፤ ፒስቶኑ ሲያምቀው የበላውን ጉልበት፣ ፒስቶኑ ሲመለስ መልሶ ይሰጠዋል። ታዲያ ምን ተያዘ? ጥርጣሬው ትክክል ነው። የቤንዚን ሞተር አየር መግቢያው ስለሚዘጋበት በመሳብ ይታገላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን በነፃ ስለሚስብ፣ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ብቻውን ሲታይ ሰዎች ከሚያስቡት ይልቅ ደካማ ያዥ ነው። አሜሪካዊው የሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ ይህን የተማረው በ1931 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ካሆን በሚባለው መተላለፊያ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት መንገዱን ከሚያቋርጥ የጭነት ባቡር ጋር ለጥቂት ሳይጋጭ ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያገኘው መፍትሔ አየሩ ከታመቀ በኋላ፣ ፒስቶኑን መልሶ ከመግፋቱ በፊት ቫልቩን ከፍቶ መልቀቅ ነበር፤ መሣሪያው በ1961 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ሐሳቡ ከብረት ያለፈ ነው። መጨነቅ ብቻውን መያዝ አይደለም፤ የተጨነቁበትን ነገር መልሰው የሚወስዱት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ይቅር ብሎ ቂሙን በልቡ የሚያቆይ፣ ሰጥቶ ውለታውን የሚቆጥር ሰው አየሩን አምቆታል፤ አልለቀቀውም። ጊዜው ሲደርስ ያው አየር እሱኑ መልሶ ይገፋዋል። በእውነት የሚይዝ፣ ያወጣውን ጉልበት ላይመልሰው የተወ ነው።

ፈላስፎች ራስን ስለ መግዛት ሲያስቡ በአመዛኙ ያሰቡት እንደ ፍሬን ነው። ፕላቶን በፋይድሮስ ነፍስን በሁለት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ መስሎ፣ ነጂው እምቢተኛውን ፈረስ አፉ እስኪደማ በልጓም ሲጎትተው ያሳየናል። አሪስቶትል ጠለቅ ይላል። ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለት ሰዎችን ይለያል፤ አንደኛው ክፉ ምኞቱ አጥብቆ ይጎትተዋል፣ እሱ ግን ታግሎ ራሱን ይገታል፤ ሁለተኛው ልከኛ ነው፣ ምኞቱ ራሱ ከልቡናው ጋር ተስማምቷል። የመጀመሪያው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን በየኩርባው ፍሬን የሚረግጥ ሰው ነው፤ ቁልቁለቱ ከረዘመ ያልቃል። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የእኛው ሐተታ፣ የጸሐፊው ማንነት ዛሬም ቢያከራክር፣ በሌላ በኩል ወደዚያው ይደርሳል። ፈጣሪ በሰው ውስጥ ያኖረውን ፍላጎት ቆርጦ መጣል የፈጣሪን ጥበብ መንቀፍ ነው ይላል፤ ምንኩስናን አጥብቆ የሚተቸውም ለዚህ ነው። ከመነኮሳቱ ጋር ያለውን ሙግት እዚህ መፍረድ አያስፈልገንም። ለጥያቄያችን የሚበቃው ይህ ነው፤ ሰውን የሚገዛው ነገር ከሰው ፍላጎት ውጭ የተተከለ ባላንጣ መሆን የለበትም።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ነዳጅ የተቋረጠበት ሞተር ምኞቱ ጠፍቷል እንጂ አልተገራም። የሞተ ነገር ስለ ልከኝነት ምን ያስተምራል?» ጥያቄው ዋናውን ነገር እንድናይ ያስገድዳል። እሳቱ ከወጣ በኋላ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? ሥርዓቱ ነው። ቫልቮቹ በየተራቸው ይከፈታሉ፣ ፒስቶኖቹ ቅደም ተከተላቸውን አይስቱም። ይህ ሥርዓት የተበጀው ለመገፋት ነበር፤ ግፊቱ ሲቀር ግን አልፈረሰም፤ እንዲያውም የሚይዘው እሱ ሆነ። በሰውም እንዲሁ ነው። ገበሬው በክረምት በእሳት ፍላጎት ይሠራል፤ ፍላጎቱ በቀዘቀዘበት ቀን ከውድቀት የሚያድነው ንጋት ላይ የመነሳት፣ ሥራን በተራ የመሥራት፣ የጀመሩትን የመጨረስ ልማዱ ነው። ዳገት ላይ ያካበትነው ቁልቁለት ላይ ይይዘናል። ጉልበትና ልጓም ሁለት ነገር የሚመስሉን ጉልበትን በእሳቱ ብቻ ስለምንለካው ነው። በሥርዓቱ ብንለካው ግን መግፋትና መያዝ የአንድ አካል ሁለት ሰዓቶች ናቸው። ሾፌሮች የወጣህበት ማርሽ ያወርድሃል የሚሉት ደንብ ይህን ሁሉ ይዟል።

ሥርዓቱ የሚይዘው ግን እስከተያያዘ ድረስ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ የብዙ ሾፌር ፈተና ነው፤ ሞተሩ ዝም ይላል፣ መኪናው ይንሸራተታል፣ ነዳጅም የተቆጠበ ይመስላል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ስለሆነ ነዳጅ ይቋረጣል፤ ዜሮ ላይ ያለ ሞተር ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ እያቃጠለ መቆየት አለበት። ሸክሙን ለመቀነስ ብሎ የተላቀቀው ሰው ሁለቴ ይከፍላል፤ የሚይዘውን ያጣል፣ የቆጠበ የመሰለውንም ያወጣል። ዜሮ ላይ ያለ መኪና ነፃ የወጣ ይመስላል፤ ከሞተሩ ነፃ ሲሆን ግን ለክብደቱ ተገዝቷል። ከማንኛውም ነገር ጋር አለመያያዝን ነፃነት ብሎ ለሚጠራ ሰው ቁልቁለቱ ከባድ ጥያቄ ያቀርብለታል፦ ከተላቀቅህ በኋላ የሚወስድህ ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። አፋፉ ላይ አንዳንድ መኪናዎች ይቆማሉ። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ጎማዎቹን በእንጨት እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ መዳፉን ሳይነካ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋና ሙቀቱን ይለካል፤ «ጋሼ፣ ደህና ነው» ይላል። ሾፌሩ ዝቅተኛውን ማርሽ የሚያስገባው እዚህ፣ መንገዱ ገና ሜዳ መስሎ ሳለ፣ የሚያስፈራ ነገር ሳይታይ ነው። ካለፈ በኋላ ምርጫው ከእጁ ይወጣል። መኪናው ፍጥነት ከጨመረ፣ በተለይ በድሮ ካምቢዮ፣ ጥርሶቹ ይፋጫሉ እንጂ አይገቡም፤ ሾፌሩ ከያዘው ማርሽ ወጥቶ ወደሚፈልገው ሳይደርስ ዜሮ ላይ ይቀራል። በግድ ቢገባለት እንኳ ሞተሩ ከልኩ በላይ ዞሮ ሊፈርስ ይችላል። ዘግይቶ የቆረጠ ሰው አዲሱን መያዣ ብቻ ሳይሆን የነበረውንም ጥቂት መያዣ ያጣል። ራስን መግዛት የፈተናው ሰዓት ጀግንነት ነው ብለን ስለምናስብ እዚህ ላይ እንሳሳታለን፤ ፈተናው ሲመጣ የሚሠራው አስቀድሞ የገባው ማርሽ ነው። ከደጋው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሳንጃ፣ ወደ አብርሃጅራ፣ ወደ አብደራፊ የሚወርደው ወጣት ከደመወዙ ስንቱን ለቤቱ እንደሚያመጣ፣ መቼም እንደሚመለስ የሚወስነው እናቱ ደጅ ቆሞ ነው። ቆላው ሙቀት ውስጥ፣ ብሩ ኪሱ ሲገባ፣ ጓደኛ ሲጠራ መወሰን ይችላል ማለት ማርሽን በሩጫ መሀል ማስገባት ይቻላል ማለት ነው።

ፍሬንን ንቄ ይህን የምጽፍ ከመሰለ ሐሳቤ ጎድሏል። ሞተር መኪናን ያዘገያል፤ ፈጽሞ አያቆምም። መንገድ ላይ ፍየል ስትገባ፣ ሕፃን ሲሮጥ፣ የሚያድነው ያው ፔዳል ነው። በማርሽ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን የሚያሳርፈውም ለዚያች ቅጽበት ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቀው ነው። ሁለቱ እምቢታዎች ይለያያሉ፤ አንደኛው እየሄደ አብሮ ይቆያል፣ ሁለተኛው ይጨርሳል፤ ለመጨረስ የተሠራውን አብሮ መቆያ ያደረገ ሰው፣ መጨረስ በሚያስፈልግበት ሰዓት ባዶ እጁን ይገኛል። በማርሽ መያዝ ሌላም ጉድለት አለው፦ የኋላውን የፍሬን መብራት አያበራም። ከኋላ የሚከተለው ሾፌር የፊቱ መኪና እየዘገየ እንደሆነ የሚያሳየው ቀይ ብርሃን የለም፤ ጠንቃቃ ሰው ማርሽ እየቀነሰም ቢሆን ፔዳሉን በትንሹ እየነካ የሚያስታውቀው ለዚህ ነው። የጠለቀ ልከኝነት ለሌላው አይታይም፤ ስለማይታይም አብሮ የሚኖረውን ሊያስደነግጥ ይችላል። በውስጡ የወሰነ ሰው መወሰኑን ለቅርቦቹ የመናገር ዕዳ አለበት፤ ካልተናገረ ጥንቃቄው ለእሱ ደኅንነት፣ ለሌላው ግጭት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ጥያቄውን በአዲስ መልክ አምጥቶታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ቁልቁለት ላይ የእሱ ሞተር ጄኔሬተር ይሆንና የሚመጣውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ ውሃ ሊያፈላ የነበረው ሙቀት ለሚቀጥለው ዳገት ስንቅ ይሆናል። የመያዝ ፍጹም መልክ የተገኘ ይመስላል፤ የያዙት ሁሉ ይጠቅማል። ነገር ግን ባትሪው አፋፉ ላይ ሞልቶ ከሆነ ተጨማሪ አይቀበልም፤ በዚያን ጊዜ መኪናው ወይ በፍሬን ይተማመናል፣ ወይ ኃይሉን በሌላ መንገድ ያባክናል። ጎዶሎ የሌለው አይይዝም። ይህ ከቀደመው ሁሉ ጋር ይስማማል፦ መያዝ ማሳደር ከሆነ፣ በሚይዘው ውስጥ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ምክርን፣ በራሱ የተሞላ ሰው ትዕግሥትን የሚያሳድርበት ስፍራ የለውም።

እስካሁን የተናገርኩት ሾፌሩና መኪናው ብቻቸውን እንዳሉ አድርጌ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ግን ባዶውን አይወርድም። ከጭነቱ በላይ፣ ማዳበሪያ ከረጢታቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ማርሹን አይመርጡም፤ የፍሬኑን ሙቀት አያውቁም፤ ሞተሩ ለምን እንደሚጮኽ እንኳ የሚነግራቸው የለም። አንዳንዱ መኪናው ቀስ በማለቱ ይማረራል፤ ሳንጃ ለመድረስ፣ ሥራ ለመያዝ ቸኩሏል። ሾፌሩ አፋፉ ላይ በዜሮ ሊወርድ ቢወስን የሚያተርፈው ጥቂት ነዳጅና ጥቂት ጊዜ ለራሱ ነው፤ የሚያስይዘው ግን የእነርሱን ሕይወት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ማርሽ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የፍትሕ ጉዳይ ነው። አባት ቤቱን፣ አለቃ መሥሪያ ቤቱን፣ መሪ አገሩን ሲያወርድ እንደዚሁ ነው፤ ማርሹን የሚያስገባው አንድ እጅ ነው፣ ቁልቁለቱን የሚወርደው ግን ሁሉም። ለመሄድ የተሠራ ነገር እንዴት ይይዛል ለሚለው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው፦ የሚይዘው ከጉልበቱ ሳይላቀቅ፣ ጉልበቱንም ለመግፋት ሳያውለው፣ አስቀድሞ ሥርዓቱ ውስጥ ሲገባ ነው። በራሱ ብቻ የሚወርድ ሰው ይህን ቢዘነጋ ጉዳቱ የራሱ ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ሌላውን ጭኖ የሚወርድ ግን አፋፉ ላይ ማርሹን ሳይቀንስ ለማለፍ ምንም መብት የለውም።